ግማሽ ዙር ብሎን

ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷን ዘይት መቀባት ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል። ጫማ ለውጣለች፤ በባዶ እግሯ ሞክራለች፤ ወንበሩን ከፍ፣ ከዚያ ደግሞ ዝቅ አድርጋለች፤ ፔዳሉ ላይ የጎማ ምንጣፍ ቆርጣ ለጥፋለች። ምንም ጠብ ያለላት ነገር የለም። ጥቁሯ የእግር ስፌት መኪና ሦስቴ ደህና ትሰፋና አራተኛው ላይ ትናጣለች። ተክ፣ ተክ፣ ተክ፣ ዱም። ዱም ስትል ክሩ ይዘላል። የዘለለ ስፌት ደግሞ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ለዓይን አይታይም። የሚታየው ከተለበሰ በኋላ ነው።

የታየውም እንደዚያው ነው። ሰፊዋ ለአሥራ አንድ ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ዘንድሮ ያስረከበቻቸው ሱሪዎች ግን ልጆቹ ገና ወንበር ላይ ቁጭ ከማለታቸው መቀመጫቸው ላይ ተተረተሩ። አንዱ ልጅ ጀርባውን ከግድግዳ ሳያላቅቅ ዋለ፤ ለእረፍት ሲወጡም እዚያው ቆሞ ቀረ ተባለ። የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ሱሪዎቹን በከረጢት አስጭና መጣችና መሬት ላይ ዘረገፈቻቸው። ክፉ ሴት አይደለችም። "እህቴ፣ እጅሽን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም" ብላ ሃያ ሱሪ የሚወጣው ጨርቅ ሰጠቻት። እስከ ሰኞ ጠዋት ሃያውን ደህና አድርጋ ካመጣች ሥራው የሷ እንደሆነ ይቀጥላል። ካልሆነ ግን በኤሌክትሪክ ለሚሰፉት ለመንገድ ማዶዎቹ ይሰጣል።

ሰፊዋ ምን ትመልስ። እጄ አይደለም፣ እግሬ ነው አለቻት።

እንደዚያ ያላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ "ቴፑ" ይባላል፤ ስሙን ያወጣችለት እናታቸው ናት፣ የሰማውን ሁሉ በአፉ እየደገመ ቢያስቸግራት። የበሩን ሲጥታ፣ የጎረቤቱን ሳል፣ የቧንቧውን ማጓራት። እናታቸው ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ሰፊዋ በዚህችው መኪና አሳደገችው። አድጎ በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብር ሆነ። ዘፋኝ የለው፣ ጊታር የለው፤ ሀብቱ ድምፅ ነው። የሊፍት በር፣ የማሰሮ ክዳን፣ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይቀዳና ከበሮ ያደርገዋል፣ ባስ ያደርገዋል። ማራገቢያም ይሁን ራዲዮ ሲበላሽ ሳይፈታው፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ "እዚህ ጋ ነው" የሚል ጆሮ አለው። ስለዚህ መኪናዋ መናጥ የጀመረች ቀን ሰፊዋ ሌላ ጠጋኝ አልፈለገችም። እሱን ጠራች።

መጥቶ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። ርገጪው አላት፤ ረገጠች። ደጋግሞ አስረገጣት። ከዚያ ካቻቢቴውን ይዞ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

"መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ እትዬ። እግርሽ ነው።"

"እግሬ ደግሞ ምን ሆነ?"

"አራተኛው ላይ ያነክሳል። ዕድሜ ነው መቼስ፣ ምን ይደረጋል።"

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ዕድሜ እግርህ ከዳህ የተባለ ሰው የመጀመሪያ ቀን ይስቃል፤ ሁለተኛው ቀን ደረጃ ሲወጣ ይቆጥራል፤ በሳምንቱ ያነክሳል። ሰፊዋም እንደዚያው ሆነች። ገበያ ስትሄድ በአንድ በኩል ማዘንበል ጀመረች።

ቴፑ ከዚያ ቀን ወዲህ መምጣት አበዛ። ድሮ በወር አንዴ ብቅ ካለ ትልቅ ነገር ነበር፤ አሁን በሳምንት ሁለቴ። ከጠረጴዛው ሥር የአዝራር ያህል ማይክሮፎን በፕላስተር ለጥፎ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጭ ይላል። አሁን ቀስ በይ፤ አሁን ፈጠን፤ አሁን ወፍራም ጨርቅ አድርጊበት ይላታል። እሷ ናፍቃው የመጣ መስሏት ምሳ ሠርታ ትጠብቀዋለች። እሱ አጠገቧ ሆኖ ዓይኑን ሲጨፍን በልጅነቱ ከዚህችው ጠረጴዛ ሥር የሚተኛው ትዝ እያላት እግሯን ታሳምርለታለች።

እግሯንም አሠለጠነችው። ዱም ከመምጣቱ በፊት ለቅጽበት ብቻ ፔዳሉን ያዝ ካደረገችው ክሩ አንዳንዴ አይዘልም። እግሯ ይህንን ተማረ። ፍጥነቷ በግማሽ ቢቀንስም ስፌቷ ትንሽ ተሻሻለ፤ እሷም ከዕድሜዋ ጋር ታረቅኩ አለች።

የቴፑ ሙዚቃ ደግሞ ወጣ። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ማዶ ያለው የስልክ መደብር ሁሉ ያንን ይከፍታል። ሥሩ የሷ መኪና ነው፤ ተክ፣ ተክ፣ ተክ፣ ዱም። ሰፊዋ ልብስ ለሚያስለካ ሁሉ "ይሄ እኮ የኔ መኪና ነው" ትላለች። የሚያምናት ባይኖርም ትላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቴፑ በአንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ትምህርት እንደሚሰጥ ነገራትና ካልመጣሽ ብሎ ወጥሮ ያዛት። ከሃያው ሱሪ ገና አንዱም አልተጀመረም። ቢሆንም ሄደች። ወንድም ሲጠራ አይቀርም።

አዳራሹ ግድግዳውን ሁሉ ጥቁር ስፖንጅ ለብሷል። አርባ ያህል ወጣቶች የጆሮ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። እሷ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከፊት በትልቁ ሰሌዳ ላይ የድምፁ ሞገድ እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድሮ ይታያል፤ ከበላዩ የፋይሉ ስም ተጽፏል። "አንካሳዋ" ይላል። ሰፊዋ መኪናዋን ማለቱ ይሁን እሷን ማለቱ አልገባትም።

ቴፑ ምክሩን ጀመረ። ድምፅ ከመደብር አትግዙ፤ አንድ መደብር የሸጠላችሁን ድምፅ ለሺህ ሰው ሸጦታል አለ። ማይክሮፎኑን አየር ላይ አታንጠልጥሉት፣ እንጨቱ ላይ አጣብቁት፤ አየር ክፍሉን ሁሉ ይዞባችሁ ይመጣል፣ እንጨት ግን የዕቃውን ሆድ ይነግራችኋል አለ። የቀዳችሁትን እጥፍ፣ ከዚያም የእጥፍ እጥፍ አዘግዩት፤ ያኔ መርፌው መዶሻ፣ መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ ነፋስ ይሆናል አለና እያዘገየ አሰማቸው። እውነትም መርፌው መዶሻ ሆነ። ኮምፒውተሩ ምቱን ሁሉ መስመር ካላስገባሁ እያለ ይለምናችኋል፣ እሺ አትበሉት፤ አራተኛው ዘግይቶ ይምጣ፣ አድማጭ ልቡ የሚንጠለጠለው እዚያች መዘግየት ላይ ነው አለ።

ሐቁን ለመናገር ምክሮቹ ጥሩ ነበሩ። የሚያናድደውም ይሄው ነው። ባይረቡ ኖሮ ስቆ ማለፍ ይቻል ነበር።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ይህን ያህል ሳታዛንፍ የምታነክስ መኪና ከየት አገኘህ ብላ ጠየቀች። ቴፑ ሳቀ፤ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር።

"አንድ ብሎን ላልቶ ነው። ፔዳሉን ከትልቁ መዘውር ጋር የሚያያይዘው። ባጠብቀው ድምፁ በዚያው ያልቅ ነበር። እና ምን አደረግኩ? ግማሽ ዙር ጨምሬ አላላሁት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙልኝ፤ የተበላሸ ነገር ስታገኙ አትጠግኑ። ቅዱት።"

አርባ ራስ አቀርቅሮ ጻፈ። እዚያ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የተማረ፣ ስለ ስህተት ውበት ሰዓት ሙሉ ሊያወራ የሚችል ሰው ሞልቷል። ከመካከላቸው "መኪናዋ ምን ትሰፋ ነበር?" ብሎ የጠየቀ አንድ እንኳ አልተገኘም። የሌላው ሰው ጉዳት ለዛ ሲኖረው ጥበብ ይባላል፤ ጭብጨባም አለው። አጨበጨቡ። ቴፑ በመኪናዋ የምትሰፋው እህቱ እዚያ ኋላ መቀመጧን ሲነግራቸው ደግሞ አንገታቸውን አዙረው ለሷም አጨበጨቡላት።

ሰፊዋ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሳታነክስ እንደምትሄድ ልብ ያለችው መንገዱን ካጋመሰች በኋላ ነው።

ቤቷ ሳትገባ ጥግ ካለው ጫማ ሠሪ ዘንድ ካቻቢቴ ተዋሰች። ለምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ለግማሽ ዙር ነው ብትለው ቀልድ መስሎት ሳቀላት። ዕድሜዋን ሙሉ ከላይ ሆና ከኖረችበት ጠረጴዛ ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ገባች። እንጨቱ ላይ የፕላስተር ሙጫ አዝራር አክሎ ደርቋል። ብሎኑን ለማግኘት ጆሮ አላስፈለጋትም፤ በጣቷ ስትነካው ተወዛወዘ። አጠበቀችው። ግማሽ ዙር ዞረ፤ ይሄ የወንድሟ ነው። ሌላ ግማሽ ዞሮ ጸጥ አለ፤ ይሄኛው የዕድሜ ነው፣ የመኪናዋ ዕድሜ።

ቴፑ ሲገባ ገና ከሥር አልወጣችም። ሳትነግሪኝ ሄድሽ፣ ሰው ሁሉ ሊያናግርሽ ፈልጎ ነበር እያለ ገብቶ እጇ ላይ ያለውን አየ።

"እትዬ፣ ምን ነካሽው?"

"ያንተን ግማሽ ዙር መለስኩልህ።"

ከረጢቱ ላይ፣ የተተረተሩት ሱሪዎች ላይ ዘጭ አለ። ከዚያ መለመን ጀመረ። ማክሰኞ ትልቅ መድረክ አለው፤ መኪናዋን መድረክ ላይ አውጥቶ በቀጥታ ሊያስደምጥ ቃል ገብቷል፤ እሷም እዚያው ቁጭ ብላ ልትረግጥ፣ ድንገት ነግሯት ሊያስደስታት ነበር። ለሦስት ቀን ብቻ መልሶ እንዲያላላው ትፍቀድለት፤ ረቡዕ ጠዋት በገዛ እጁ ያጠብቀዋል። ሰፊዋ ጀርባውን ከግድግዳ ያላላቀቀውን ልጅ ነገረችው። ስለ ሰኞ ነገረችው። ስለ ዘይቱ ነገረችው። አላወቅኩም አለ። አልጠየቅክም አለችው።

"ድምፁ ነው እኮ፣ እትዬ። እንደዚያ ያለ ድምፅ በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኘው።"

"እግርስ ስንቴ ነው የሚገኘው?"

እሷ ወንበሩን ሳበች። የመጀመሪያውን ሱሪ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገባች። ና ስማ፣ ድምፅህ ሞቷል አለችው፤ ቁርጡን አውቆ እንዲሄድላት ብላ ነው። ረገጠች።

ተክ፣ ተክ፣ ተክ።

ዱም አልመጣም። ግን አራተኛው ላይ እግሯ በራሱ ያዝ አደረገ፤ እንደተማረው። መኪናዋ ለቅጽበት ትንፋሿን ዋጠችና ቀጠለች። ሰፊዋ ደንግጣ እንደገና ረገጠች። እንደገና ያዝ አደረገ። የዱሙ ጉድጓድ ተደፍኗል፤ እግሯ ግን የተደፈነውን ጉድጓድ ይዘላል። መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ እግሯ ነው። ያን ጊዜ ውሸት የነበረው ቃል ሁለት ወር ሙሉ ሲሠራ ከርሞ አሁን እውነት ሆነ።

ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ፊቱ በርቷል፣ ያን ቀን ከጠረጴዛው ሥር ሲወጣ እንደበራው። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። መቅጃውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ቀይዋ መብራት በራች።

"እንደገና እስቲ፣ እትዬ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይሄኛው ይበልጣል።"

ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። መቅጃውን ዘግታ እጁ ላይ አኖረችለት፤ ሄዳም በሩን ከፈተች። የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ።

"የተበላሸ አይጠገንም አላልክም?" አለችው። "በል ውጣ።"

ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ አንድ ሁለት ጊዜ እትዬ ማለቱ ተሰማት፤ ከዚያ የእርምጃው ድምፅ ራቀ። ያሳደገችው ልጅ ነው። ሆዷ አልጨከነም፤ እጇ ግን በሩን ዘጋ።

የሰፋችውን ተረተረችና እንደ ጀማሪ ከአንድ ተነሳች። ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ላይ እግሯ ይቆማል። ትተረትራለች፤ ትጀምራለች። ማዶ ያለው የስልክ መደብር የቴፑን ሙዚቃ ከፈተ፤ ተክ፣ ተክ፣ ተክ፣ ዱም እያለ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ ልማዱን ልታስለቅቀው የምትታገለው እግር ተመልሶ ሙዚቃውን ተከተለ። መስኮቱን ዘጋች። በመስታወቱም አልፎ ይገባል። ከዚያ በላይ ጮኻ መቁጠር ብቻ ነበር የቀራት።

ሊመሽ ሲል አንድ ሱሪ ወጣ። መቀመጫውን በሁለት እጇ ይዛ ባላት ጉልበት ሁሉ ጎተተችው። አልተተረተረም። አጣጥፋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችው።

አሥራ ዘጠኝ ቀረ።