ለአሳማው የተገዛው ጠመንጃ

የዱር አሳማው የሚስተር ፋዲን ውሻ ሆዱን ዘርግፎ የጣለው ማክሰኞ ማለዳ ነው። ሚስተር ፋዲ በወፍ ማደኛ ጠመንጃው ሁለቴ ተኩሶበት ነበር፤ ጥቃቅኑ እርሳስ ግን አሳማውን ከማናደድ ያለፈ አልፈየደም። ውሻው አንጀቱን እየጎተተ እስከ ግቢው በር መጥቶ እዚያ ሞተ። ደሙን ከእብነ በረዱ ላይ በክሎር ያጠበችው፣ መቼም ሌላ ማን ሊያጥበው፣ የቤት ሠራተኛው ጦይባ ናት። ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዐረብ አገር አራት ዓመት ስታገለግለው ታማ ብትወድቅ አንድ ቀን «አይዞሽ» ብሎ የማያውቅ ሰው፣ እንባ እንዳለው የታወቀው ያን ቀን ነው።

ጦይባን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነገር ነው። ቤቱ ያለው መንሱሪዬ በሚባል ሰፈር ዳገት ላይ፣ ከጥድ ጫካ ጋር ተያይዞ ነው። ጫካው ውስጥ፣ ጣሪያው በፈረሰ የጥበቃ ቤት፣ ታናሽ እህቷ ሩቅያ ተደብቃለች። ባውሽሪዬ በሚባል ሌላ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት የጠፋችው ማዳሟ ጀርባዋን በካውያ ስላቃጠለቻት ነበር፤ ስትወጣ ስልክም ፓስፖርትም አልያዘችም። ጦይባ አመሻሽ ላይ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ የተረፈውን ሩዝና ሥጋ በፌስታል ቋጥራ አጥሩ ሥር ታስቀምጥላታለች። ሩቅያ የምትችለውን በልታ የቀረውን እዚያው ትተወዋለች። አሳማውን ከሸለቆው ጎትቶ ያመጣው ያ ትርፍራፊ መሆኑ ለጦይባ የገባት የውሻውን ደም ስታጥብ ነው። ክው አለች። ግን እስከ እሁድ ብቻ ነው ብላ ራሷን አጽናናች፤ እሁድ ናፊሳ የምትባል የደሴ ልጅ መጥታ ቡርጅ ሐሙድ፣ ሐበሾች በጋራ ወደ ተከራዩት ክፍል ልትወስዳት ቃል ገብታለች።

ሚስተር ፋዲ እሁድን አልጠበቀም። ሐሙስ ዕለት ጦይባን ዕቃ ተሸካሚ አድርጎ ቡርጅ ሐሙድ፣ ቫሄ ወደሚባል አርመናዊ ጠመንጃ ሠሪ ሱቅ ይዟት ሄደ።

«ለኸንዚር ነው» አለው፣ አሳማውን ማለቱ ነው። «አንዴ ስመታው መውደቅ አለበት። ኸላስ።»

ቫሄ ሁለት ጠመንጃ አወረደ። አንዱን መልሶ ሰቀለው። «ያ ቆዳውን በስቶ ይቀራል። ይሄኛው የትከሻ አጥንቱን ሰብሮ ነው የሚወጣው» አለ። ሰደፉን ሰውየው ትከሻ ላይ ለክቶ አሳጠረው፤ ጫፉ ላይም እንዳይመታው ወፍራም ጎማ አሰረበት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር። ሚስተር ፋዲ ግን የመኪና በር የቀጠቀጠው ሌባ ጣቱ እንደ ልቡ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ምላጩ ሲነኩት እንዲተኩስ ተደርጎ ይላላልኝ አለ።

«አይሆንም» አለ ቫሄ። «አሳማ ያስደነግጣል። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ያኒ፣ ጣቱ ሳያዘው ይጨብጣል።»

«ጠመንጃው ያንተ ነው የኔ?»

ቫሄ ትከሻውን ነቅንቆ ምላጩን አላላለት። ጦይባ ጥግ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

መኪና ውስጥ ገብተው ሲመለሱ እንደምንም ደፈረች። «ሚስተር፣ ጫካው ውስጥ ሰው ቢኖርስ?»

«ማን ይኖራል?» አለ ዞር ሳይል። «ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ። አንቺ ባትሪውን ትይዢልኛለሽ።»

እውነቱን ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ብትነግረው ለፖሊስ ይደውላል፤ ፖሊስ ሩቅያን ይዞ ካውያው ወዳለበት ቤት ይመልሳታል። ምስኪን፣ ከሁለት እሳት አንዱን ምረጪ ቢሏት ምን ታድርግ! ስንደርስ ቀድሜ ሮጬ አሸሻታለሁ ብላ ነበር፤ እሱ ግን ከመኪናው እንደወረደ እጇን ይዞ ቀጥታ ወደ አጥሩ ወሰዳት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጥዶቹ ሥር ጨለም ብሏል። ከአጥሩ ኋላ በርከክ አሉ፤ ባትሪውን ጦይባ ይዛለች። ትንሽ ቆይቶ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ሚስተር ፋዲ ጠመንጃውን ደገነ። «አብሪ» አላት በሹክሹክታ።

ብታበራስ? እዚያ ያለው አሳማ ይሁን እህቷ አታውቅም። ራት የምታስቀምጥላት ሰዓት ነው። ሩቅያ ርቧት መጥታ ቢሆንስ? ሰውየው ትዕግሥቱ አለቀና አፈሙዙን ወደ ቁጥቋጦው አስተካከለ። ያን ጊዜ ጦይባ ነገሩ ሁሉ ጠፋባትና ባላት አቅም ጮኸች።

«ሩቅያ!»

«አቤት!»

ድምፁ የመጣው ከቁጥቋጦው አልነበረም። ከግራ በኩል፣ ከድንጋይ ኋላ ነው። ሩቅያ የሰው ኮቴ ሰምታ እዚያ ልጥፍ ብላ ተኝታ ነበር፤ ማንም ሊያያት አይችልም ነበር። ግን እነ ጦይባ ቤት ታላቅ ሲጠራ ዝም ማለት ነውር ነው፤ አቤት ተብሎ ብድግ ይባላል። ይህን እየቆነጠጠች ያስተማረቻት ደግሞ፣ እናታቸው እርሻ ስትውል ያሳደገቻት ጦይባ ራሷ ናት። ሩቅያ ብድግ አለች። ሚስተር ፋዲ በርግጎ ወደ ድምፁ ዞረ፣ ጠመንጃውም ጮኸ። አሳማው ከቁጥቋጦው ወጥቶ ሽቅብ ጋለበ።

ጦይባ አጥሩን እንዴት እንደዘለለች አታውቅም። ጥይቱ ሩቅያን ከአንገቷ ሥር ገብቶ በጀርባዋ ወጥቷል። ደሙ ይንፎለፎላል። በሻሿ ጠቀጠቀችው፤ ሻሹ ወዲያው ራሰ።

«እትዬ፣ ጠራሽኝ?» አለች ሩቅያ።

ሚስተር ፋዲ አጠገባቸው መጥቶ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ማን ናት? አልነበረችም እኮ! አሳማ ነው የተኮስኩት። ያላ፣ ተነሽ ወደ ቤት። ማንም አላየንም።»

ጦይባ ተነስታ ጠመንጃውን ከእጁ ነጠቀችው። ሊቀማት ሲጠጋ በሰደፉ አፉን አለችው። ሁለት ጥርሱ ረገፈ፣ በጉልበቱ ወደቀ። እስኪበቃት ልትደግመው ፈልጋ ነበር፤ ልትገድለው ፈልጋ ነበር። ግን ጊዜ የለም።

«ተሸከማት» አለችው አፈሙዙን ደረቱ ላይ አድርጋ።

ተሸከማት። እያለቀሰ፣ ደም እየተፋ፣ ዳገቱን አወጣት። መኪናውን እሱ ነዳ፤ ጦይባ ጠመንጃውን መንገድ ላይ ወርውራ የእህቷን ራስ ጭኗ ላይ አስተኛች። ሸሃዳ እያለችላት፣ ጉንጯን እየመታች፣ ስሟን እየጠራች ሄደች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሐኪሙ አንገቷን ዳሰሰና እጁን መለሰ።

ፖሊሱ ሲመጣ ሚስተር ፋዲ አፉን በፎጣ ይዞ ቀደመ። ልጅቷ ሌባ መሆኗን፣ በጨለማ ፊቱ መደቀኗን፣ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን አወራ። ፖሊሱ ጽፎ ሲጨርስ ወደ ጦይባ ዞረ። እጇ እስከ ክርኗ ደም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታጥበው አልተነሳችም።

«አንቺስ? ማን ነው የገደላት?»

«የተኮሰው እሱ ነው» አለች ጦይባ። «የጠራኋት ግን እኔ ነኝ።»