ማለዳ የሚከዳ ማርሽ

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ፣ ከመሪው ፊት ለፊት የምትበራው ቁጥር ሁለት ጠፋች። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ቆመች፤ ከዚያም ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። መሪውን ይዛ የምትሞክራት የጋራዡ መካኒክ ሠናይት ፍሬኑን ረገጠች፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳበች። በጎን መስታወቱ ውስጥ አንዲት ገብስ የተጫነች በቅሎ ከነባለቤቷ ወደ መንገዱ ዳር ስትሸሽ ታየቻት።

«ይኸው!» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ሾፌሩ ጌጡ። «በእኔ እጅ ብቻ የምትከዳ የሚመስላቸው ይምጡና ይዩ!»

ሠናይት ሞተሩን አጠፋች። አፍንጫዋን ወደ ወለሉ አስጠግታ አሸተተች። ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ሲቃጠል የሚቆጠቁጥ ሽታ አለው። እዚህ የሚሸተው የረጠበ ምንጣፍና የጌጡ ጋቢ ብቻ ነበር። ደብተሯን አውጥታ «አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ጭጋግ፤ ከሁለተኛ ማርሽ በቀጥታ ወደ ዜሮ» ብላ ጻፈች።

መኪናዋ የፍሪሲዮን መርገጫ የላትም። ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውና ማርሹን የሚቀይረው ከሞተሩ ሥር ያለ መሣሪያ ነው፤ ሾፌሩ የማርሹን ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሄጃው ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። የገዟት የቀድሞ ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ ቄስም የቅኔ መምህርም ለሆኑት ለየኔታ ወልደጊዮርጊስ፣ የሚያገለግሉባቸውን ሁለት አድባራት በእግር መመላለስ ሲያቅታቸው። የእኅታቸው ልጅ ጌጡም ከጉና ተራራ ሥር መጥቶ ሾፌራቸው ሆነ። ቀን ይነዳል፤ ማታ አሥረኛ ክፍል ይማራል።

ባለፈው ሳምንት ግን መኪናዋ ከነየኔታ ወደ ኋላ ተንሸራታ ቦይ ገባች። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ሙላቴ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ፍሪሲዮኑን አቃጥሎታል» ብለው ፈረዱ። የኔታ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ መጥተው ቁርጡን ይሰማሉ። ጥፋቱ የጌጡ ከሆነ፣ ጌጡ ወደ ጉና ይመለሳል፤ ትምህርቱም እዚያው ያበቃል።

«ዳገት ላይ ፍሬን ሳትይዝ በነዳጅ ብቻ ታቆማታለህ?» አለች ሠናይት።

«መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለቴ አድርጌዋለሁ፤ አልዋሽሽም። ባለፈው ጋራዥ ስንገናኝ ከተቆጣሽኝ ወዲህ ግን ትቻለሁ።»

«ከሰዓት በኋላስ ትከዳለች?»

ጌጡ አሰበ። «ከሰዓት? ኧረ ከሰዓትስ በግ ናት!»

ሠናይት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የተበላ ፍሪሲዮን ሲግል ይብስበታል እንጂ ፀሐይ ሲወጣ አይድንም። ይህች መኪና የምትታመመው በእርጥበት ነው።

ጋራዥ እንደደረሱ የመመርመሪያውን መሣሪያ ሰካች። ከማርሹ ዘንግ የሚመጣው ምልክት እንደሚቋረጥ ነገራት፤ መኪናዋ ሾፌሩ የት መሄድ እንደሚፈልግ ሲጠፋት ማርሹን ትለቃለች። በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ሽፋን ፈትታ አነሳች። ከሥሩ የሽቦዎቹ መጋጠሚያ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ለብሶ፣ አንዲት የውኃ ጠብታ ተንጠልጥላበታለች። ጣሪያውን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ወንበሮቹም ደረቅ ናቸው።

«ጌጡ፣ እዚህ ላይ ውኃ የሚያፈስ ማን ነው?»

ጌጡ የጋቢውን ጫፍ ያፍተለትል ጀመር። «የኔታ ሳንነሳ ጠዋት ጠዋት ጠበል ይረጫሉ። መጀመሪያ ጥቂት ነበር። ማስቸገር ስትጀምር ግን ማርሹ ላይ ሆነ። ባስቸገረች ቁጥር እየጨመሩ መጡ። ዛሬም ለአንቺ ላመጣት ስነሳ ረጭተውባታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ? ‹ጠበልዎ መኪናዎን አበላሸ› ልበላቸው?»

«እኔ የለሁበትም!» አሉ ጋሽ ሙላቴ ከጭነት መኪና ሥር። «ልጆቼን ያጠመቁልኝ እሳቸው ናቸው።»

ሠናይት መጋጠሚያውን እያየች ቆየች። አጽድታ፣ አድርቃ፣ «ሽቦ ላልቶ ነው» ብትል ጌጡ ነፃ ይወጣል። ግን እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው።

የኔታ በሰዓቱ መጡ። በትራቸውን ተደግፈው፣ ወደ ጌጡ ሳይመለከቱ፣ «እህ ልጄ፣ አቃጥሎታል ወይ?» አሏት።

«አላቃጠለም የኔታ። ፍሪሲዮኑ ደኅና ነው። ጎንበስ ብለው ቢያዩልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው፣ ብራና እንደሚመረምር ሰው ቀስ ብለው አጎነበሱ። «ይህ አረንጓዴ ምንድን ነው?»

«መዳብ ውኃ ሲነካው እንዲህ ይሆናል። ማርሹን የሚያስጥላት እሱ ነው።»

«ውኃው ከየት መጣ?»

ሠናይት ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ነበራት። አፏን ስትከፍት ጌጡ ቀደማት።

«እኔ ነኝ የኔታ። መስኮት ሳልዘጋ አድሬ ዝናብ ገብቶ ነው።»

ጌጡ መሬት መሬት ያያል። በዚህች ቃል ወደ ጉና እንደሚመለስ ያውቃል።

«አይደለም» አለች ሠናይት፤ ድምፅዋ ለራሷም አነሰባት። «ዝናብ ቢሆን ወንበሩን ያርሰው ነበር። ይህ ከላይ፣ እዚህች ቦታ ላይ ብቻ፣ በየቀኑ የወረደ ውኃ ነው።»

የየኔታ ቀኝ እጅ ሊረጭ እንደተዘጋጀ ሰው ጣቶቹን ሰብስቦ ትንሽ ከፍ አለና፣ አየር ላይ ቀረ።

«ባሰባት ስል ጨመርኩባት» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። ከዚያ ወደ ጌጡ ዞሩ። «ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እንደማሰናብትህ እያወቅህ?»

ጌጡ የጋቢውን ጫፍ እንደገና ያፍተለትል ጀመር።

«ከውጭ ቢሆን ምንም አትሆንም የኔታ» አለች ሠናይት ፈራ ተባ እያለች። «ጎማውም ኮፈኑም ውኃ ይችላሉ።»

ጋሽ ሙላቴ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። የኔታ አልሳቁም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሠናይት መጋጠሚያውን በአልኮልና በብሩሽ ፈትጋ፣ አድርቃ፣ መልሳ እስክትገጥም ድረስ «ይቀመጡ» ቢሏቸው እምቢ ብለው ቆመው ጠበቁ።

ሥራው ሲያልቅ ጌጡ እንደ ልማዱ የኋላውን በር ከፈተላቸው። የኔታ አልገቡም።

«ጌጡ» አሉ። «ፍልሰታ ሊገባ ነው። ታመላልሰኛለህ?»

ሌላ ጊዜ ቃላቸው «ንዳ» ብቻ ነበር። አሁን ግን በሩ እንደተከፈተ፣ ዓይናቸውን ከወጣቱ ፊት ሳይነቅሉ፣ መልሱን ቆመው ጠበቁ።