ከግድግዳው ግርጌ

ፋብሪካው ለአካሉ የሰጠው ቤት ቀድሞ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ የኖረበት ነበር። ሰውየው እንደ ብርዳም አገሩ ልማድ በሳሎኑ ግድግዳ ግርጌ ረጅም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገጥሞ ሄዷል። ለባሕር ዳር ምን ይሠራል ብለው አካሉና ሚስቱ ሙሉነሽ ለዓመታት ነክተውት አያውቁም።

በብሔራዊ ውትድርና የዘመተው የአንድ ልጃቸው የቢያዝን መርዶ የመጣው በክረምት ነው። በድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያነባ የሙሉነሽ ዐይን ደረቅ ነበር። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ በረደኝ አለች። አካሉ ጋቢ ቢደርብላትም አልሞቃት አለ። ከሰል እንዳያነድላት ሽታው ይገድላል ብሎ ፈራ። ያኔ ማሞቂያው ትዝ አለው። አቧራውን ጠርጎ አበራው።

ደግነቱ ጭስ የለው፣ ዐመድ የለው፣ ድምፅ የለው። ክፋቱ ግን ቀስ እያለ ታየ። እሱ ሲበራ አምፖሉ ይደበዝዛል። ምድጃ ከተጨመረበት ፊውዙ ይቃጠላል። ጉሮሮ ያደርቃል። እሳት ፈርተው ወንበሩንም መጋረጃውንም ከግድግዳው ስላራቁ ቤቱ ዕቃው ሊጫን የተሰበሰበ መሰለ። ሙሉነሽ ብቻ ከግድግዳው አልራቀችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትውላለች።

አንድ ቀን አካሉ ለምሳ ሲገባ የተቃጠለ ቆዳ ሸተተው። ተረከዟ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል።

«እግርሽ ተቃጥሏል» አላት ጎትቶ እያላቀቀ።

ሙሉነሽ ቁስሏን አየችው። «አልተሰማኝም» አለች፣ ስለ ሰው እግር እንደምታወራ።

አካሉ ክሊኒክ ወስዶ ቁስሏን አሳሰረላት። ማታውን የማሞቂያውን ሽቦ ቆረጠ። በማን እንደተናደደ አላወቀም።

ቁስሉ መጠገግ ሲጀምር ጎረቤታቸው የቄሱ ሚስት ወለተ ሩፋኤል መጡ። ፀሐይ እያለልሽ ምን ከግድግዳ አጣበቀሽ ብለው እጇን ይዘው ወደ ጣና ዳር ወሰዷት። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማዕበሉ መጥቶ ተረከዟን ሲነካው ሙሉነሽ እግሯን ሰበሰበች።

«አመመኝ» አለች።

«ይመምሽ፣ ልጄ» አሉ ወለተ ሩፋኤል።

አካሉ ከፋብሪካ ሲመለስ ሁለቱንም እዚያው አገኛቸው። ሙሉነሽ አታለቅስም ነበር። በነጠላዋ ጫፍ እግሯን ታደርቅ ነበር። ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።