ዝንብ የሌለበት ቤት

ጋሹ አልጋው ሥር ተንበርክኮ የሞቱትን ትኋኖች በመጥረጊያ እየሰበሰበ ያፏጫል። ከግድግዳው ስንጥቅ፣ ከአልጋው መጋጠሚያ፣ ከሣጥኑ ኋላ ወጥተው ወለሉ ላይ ደርቀዋል። ሰው በትኋን ሬሳ እንዲህ ሲደሰት ታይቶ አይታወቅም።

ደስታው ግን አለምክንያት አልነበረም። ሚስቱ ቤዛ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለመውለድ ዋጃ፣ እናቷ ቤት ከሄደች ወዲህ፣ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው የጭቃ ቤታቸው ውስጥ ብቻውን ከትኋን ጋር ሲታገል ከርሟል። ልጅቷ ተወለደች፤ ክርስትና ተነሣች፤ ክብረት ተባለች። ዛሬ እናትና ልጅ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይዘዋቸው የሚመጡት አማቱ ወይዘሮ ለተ ብርሃን ናቸው፤ ጭንቀቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወይዘሮ ለተ ብርሃን ዋጃ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ፣ ቃላቸውም እንደ በርበሬያቸው የሚያቃጥል ሴት ናቸው። ለክርስትናው በሄደ ጊዜ ጋቢው ላይ አንዲት ትኋን ስትሄድ አይተው፣ "የልጅ ልጄን ለትኋን አሳድጌ አልሰጥም" ብለዋል አሉ። አሉ የተባለው ጋሹ በጆሮው ስላልሰማው ነው። እሱ አማቱ ፊት ቀና ብሎ አይናገርም። እሳቸው ሲገቡ ይወጣል፤ ስልክ ሲደውሉ ለሌላ ሰው ያቀብላል። በቤተሰቡ ዘንድ ጨዋ አማች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቃሉን ያደረሰችለት ቤዛ ናት፣ እየሳቀች። ጋሹ ግን አልሳቀም፤ ያን ቀን ማታ እህል አልወረደለትም።

ከዚያ ወዲህ ያላደረገው የለም። የፈላ ውኃ አፈሰሰ፣ ናፍጣ ቀባ፣ አልጋውን ፀሐይ ላይ አሰጣ። ትኋኖቹ ጥቂት አድፍጠው ይመለሳሉ። ትናንት ግን ሽንኩርቱን ሲረጭ ውሎ መርጫው ውስጥ የተረፈውን መድኃኒት ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት። ለትኋን ጠንከር ይበል ብሎ ከጠርሙሱ ጨመረበት። ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ በሽንኩርት ሽያጭ የገዛውን አዲስ ፍራሽ ሳይቀር አርከፈከፈበት። ማታ ሽታው አላስተኛ ቢለው ጋቢውን ይዞ ውጭ አደረ። እሱ ያልቻለውን ሽታ ሕፃን እንዴት ትችለዋለች ብሎ ግን አላሰበም።

"የቤቱ ጌታ! መርጫውን አምጣ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።"

ኸይረዲን ነው። ማሳቸውም ግቢያቸውም ጎን ለጎን ነው፤ መርጫውንም የገዙት በጋራ ነው።

"ግባ! ግባና ጉድ እይ!"

ኸይረዲን ደጃፉ ላይ ቀረ። በትከሻው ላይ ያለውን ፎጣ ጫፍ አፍንጫው ላይ ያዘ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ትኋን ነበር። አሁን የለም።"

"ትኋኑንማ አየሁት። የሸተተኝን ነው የጠየቅሁህ። የሽንኩርቱን ነው የረጨኸው?"

"ጠንከር አድርጌ!" አለ ጋሹ በኩራት።

"ዛሬ ሕፃን የምትገባው እዚህ ነው?"

"ታዲያ የት ትግባ?"

ኸይረዲን እንደ ልማዱ ይቀልዳል ብሎ ጋሹ ጠብቆ ነበር። አልቀለደም።

"ትናንት ማሳህ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቅለህ የእኔን ፍየሎች በድንጋይ ስታባርር አልነበር? ቅጠሉን ከቀመሱ ይሞቱብሃል ስትለኝ?"

"ፍየል እኮ ትበላዋለች። አልጋ የሚበላ ሰው አለ እንዴ?"

"ስማኝ ጋሹ። አምና ልጄን በድረዲንን ቅማል አስቸገረውና ከዚሁ መድኃኒት ጠብ አድርገን ራሱን ቀባነው። ታስታውሳለህ፣ አረፋ እየደፈቀ በባጃጅ ይዘነው ስንሮጥ?"

"ትኩሳት ነው ብላችሁኝ ነበር እኮ።"

"አፍረን ነዋ! ሲያስመልሰው፣ ሲያልበው አደረ። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ይመጥጠዋል አለችኝ ነርሷ። ቀጥላ ያለችኝን ወላሂ እስክሞት አልረሳውም፤ 'ልጅህ ሽንኩርት ነው እንዴ?' አለችኝ።"

ጋሹ መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። የሰበሰባቸው ትኋኖች እግሩ ሥር ተከምረዋል። ፉጨቱ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሄደ አላወቀም።

"ደውልና ትንሽ ቀን ይቆዩ በላቸው" አለ ኸይረዲን መርጫውን በማንገቻው አንጠልጥሎ ሲወጣ። "አፍር ግድ የለም። ማፈር አይገድልም።"

ለኸይረዲን እንዲህ ማለት ቀላል ነው። እሱ ለተ ብርሃንን አያውቃቸውም።

ጋሹ ስልኩን አወጣ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። ማድ ቤት ሄዶ ወጥ ላይ ለተጎነበሰችው ታላቅ እህቱ ለአስረሳሽ ነገራት። እናታቸው ስለሞተች የዛሬው ድግስ እሷ ጫንቃ ላይ ነው። ማማሰያዋን እንደያዘች አፈጠጠችበት።

"ቅሩ ልትላቸው? በግ አርደን፣ ጎረቤት ጠርተን?"

"ልጅቷስ እታለም?"

"አየር ይገባዋል፣ ይወጣለታል። በርና መስኮቱን ክፈተው። ወለሉን እጠበው። ደግሞ ለሴትየዋ ቤቴን መረዝኩት ልትል ነው? ዋጃ ገበያ በርበሬ የሚሸምት ሁሉ ሳይሰማው አይውልም። ጋሹ ልጁን ሊገድል ነበር ሲባል እኔ የት ልግባ?"

ነገሩ ልክ መሰለው። እውነቱን ለመናገር ልክ እንዲሆን ፈለገ። መስኮቱን በረገደ፤ ፍራሹን ተሸክሞ አውጥቶ አራገፈ፤ ወለሉን በሳሙና አጠበ። ሥራው መሃል ስልኩ ጮኸ። ቤዛ ናት።

"ጋሹዬ! ባጃጁ መጣልን፣ ልንነሣ ነው! እማማ ልጅቷን ካልያዝኩ ብላ አስቸግራኛለች። ቤቱን አሳመርከው?"

አሁን ነው። አሁን "ቆዩ" ማለት ይችላል። አፉን ከፈተ። ከኋላዋ የለተ ብርሃን ድምፅ ተሰማው፤ ባለ ባጃጁን ቀስ ብለህ ንዳ እያሉ ይቆጡታል።

"አሳምሬዋለሁ" አለ። "ኑ።"

ስልኩን ሲዘጋ በራሱ ተናደደ። ከእርሻ እስከ ገበያ ከስንቱ ጋር አፍ ለአፍ የሚገጥም ሰው ለሚስቱ አንዲት ቃል አቃተው።

ረፋዱ ላይ ሽታው የጠፋ መሰለ፤ ወይም አፍንጫው ለመደው። አዲሱን ሸሚዙን ለበሰ። አስረሳሽ ፍራሹን መልሰህ አግባ አለችው፤ አቅፎ አስገባና አነጠፈው፤ እሷም ነጭ አንሶላ ዘረጋችበት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው።

"በስማም፣ እንዴት ያምራል! ዝንብ እንኳን የለበት!"

እሷ ያለችው ለሙገሳ ነው። ጋሹ ግን ቀና ብሎ ጣራውን አየ። በቆቦ ሙቀት፣ በግ በታረደበት ግቢ፣ በርና መስኮቱ ተበርግዶ፣ አንድም ዝንብ የለም። ውጭ በጉ ቆዳ ላይ እንደ ጉድ ይርመሰመሳሉ።

ሌላ ነገር ለማሰብ ፋታ አላገኘም። ባጃጁ ግቢው በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ ጎረቤቱ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። ቤዛ ጠይም ፊቷ ወዝቶ፣ ሞላ ብላ ወረደች። ከኋላዋ ለተ ብርሃን ሕፃኗን በነጭ ፎጣ ጠቅልለው፣ ማንንም ሰላም ሳይሉ ወደ ቤቱ አቀኑ። የልጅ ልጃቸውን ደጃፍ አሻግረው አልጋዋ ላይ የሚያስተኟት ራሳቸው እንደሆኑ አስቀድመው አስነግረዋል።

"ይግቡ፣ ይግቡ እማማ!" አስረሳሽ ከፊት ትመራለች።

ጋሹ አንገቱን ደፍቶ በሩ ጎን ቆሟል። ደንቡ እንደዚያ ነው። አንዲት ዝንብ በጆሮው ሥር አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። በዓይኑ ተከተላት። አልጋው ላይ አንድ ዙር ዞረች፤ ዝቅ አለች፤ ነጩ አንሶላ ላይ በጀርባዋ ወድቃ ትሽከረከር ጀመር። አስረሳሽ ለሕፃኗ ራስ ካዘጋጀችው ትንሽ ትራስ አጠገብ ነው የወደቀችው።

ጋሹ እንዴት እንዳደረገው አያውቅም። ብቻ ራሱን ደፉ መሃል አገኘው፤ ሁለት እጁ መቃኖቹን ይዟል፤ ዓይኑ የአማቱን ዓይን እያየ ነው።

"እማማ፣ አይገቡም።"

እልልታው ቆመ። የመጀመሪያ ልጁን ይዘው የመጡትን አማቱን ደጃፉ ላይ የሚመልስ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

"ዋእ! ምን አልክ?" አሉ ለተ ብርሃን።

"አይግቡ። መርዝ ረጭቼበታለሁ። ለትኋን ብዬ የሽንኩርቱን ረጨሁት። አልጋውም፣ ግድግዳውም፣ ፍራሹም።"

"ጉድ ፈላ!" አስረሳሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ለተ ብርሃን ሕፃኗን ወደ ደረታቸው ጠበቅ አድርገው ወደ ኋላ ተራመዱ። ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጥቷል።

"ለዚህ ነው አርሼ፣ አጥቤ፣ አጥግቤ ያመጣኋት? ከነነፍሷ መቃብር ላስገባት?"

ቤዛ ባሏን እያየች ቀረበች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ስደውልልህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈራሁ" አለ ጋሹ። ሰው ሁሉ እያየው እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አልተወውም። "እናትሽን ፈራሁ። ትኋን ላለበት ቤት የልጅ ልጄን አልሰጥም ብለዋል ስላልሽኝ፣ ቤቱን ንጹሕ ላደርግላችሁ ብዬ ነው። ኸይረዲን ጠዋት ነግሮኛል። ዝም ብዬ ላሳልፈው ነበር። ይኸውላችሁ፣ ሁሉንም አልኩት።"

ለተ ብርሃን ረጅም ጊዜ አዩት። ምናልባት የአማቻቸውን ፊት ደህና አድርገው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

"እኔ የትኋኗን ነገር ለጨዋታ ነበር ያልኩት" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ወርዶ። "የእኔስ ቤት መቼ አጥቶ ያውቃል? ሌሊቱን ሁሉ ሳክክ ነው የማድረው።"

መጀመሪያ ቤዛ ሳቀች፣ እንባዋ ሳይደርቅ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ሁሉ። አስረሳሽ እንኳን ነጠላዋ ሥር ስትንፈቀፈቅ ትከሻዋ አሳበቀባት።

ከእንግዶቹ መሃል የኸይረዲን ሚስት ኢስራ ወጣች።

"አብሽር ጋሹ። የእኛ ቤት ምን ሆነና? ክፍሉ ሰፊ ነው። ይሄኛው እስኪናፈስ እናትና ልጅ እኛ ዘንድ ይረፉ።"

"ግድግዳው እንደገና ይለሰን" አሉ ለተ ብርሃን። ትእዛዝ መስጠት ሲጀምሩ ቀለማቸው ተመለሰ። "ፍራሹ ይውጣ፣ ማንም አይተኛበትም። አልጋው በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሁን፤ ትኋን ከተመለሰ በፈላ ውኃ ነው፣ በየሳምንቱ። ስንፍና የለም። እኔም ይሄ ቤት ሳያልቅ ዋጃ አልመለስም።"

ያ የመጨረሻው ቃል በሌላ ቀን ቢሆን ጋሹን ባስደነገጠው ነበር። ዛሬ ግን ከልቡ ደስ አለው።

ድስቱም፣ መሶቡም፣ ሰውም አጥሩን ተሻግሮ ወደ እነ ኸይረዲን ግቢ ተጓዘ። ለእነሱ ለብቻ የተሠራው የጾም ወጥም አብሮ ሄደ። ዛፉ ሥር ሰሌን ተነጠፈ። ቤዛ ሕፃኗን ከእናቷ ተቀብላ ወደ ጋሹ መጣች። ልጅቷ ነቅታለች፤ ከክርስትናዋ ወዲህ ፊቷ ሞልቷል፤ ጉንጯ የአባቷን ጉንጭ ይዟል።

"እንካ" አለችው ቤዛ። "አባቷን ትይ።"

ጋሹ ሁለት እጁን ዘረጋ። ከክርስትናው ቀን ጀምሮ በየሌሊቱ የሚያልማት ይህችን ቅጽበት ነበር። መሃል ላይ ግን እጆቹን አያቸው። ጠዋት ፍራሹን ያወጣባቸው ናቸው፤ መልሶ ሲያስገባውም በዚሁ ሸሚዝ ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር። እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

"ቆይ፣ አትስጪኝ። ልታጠብ።"

ኢስራ ሳሙናና በጆግ ውኃ አመጣች። ለተ ብርሃን ጆጉን ከእጇ ተቀበሉ።

"እማማ፣ እርስዎማ አያፈሱልኝም!"

"ዝቅ በል፣ ወደይ" አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ዝቅ አለ። እጁን አሸው፤ ቀጥሎ ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ። ውኃው አላለቀም፤ ሴትየዋም ጆጉን አላስቀመጡም። ጋሹ ደረቱ ላይ ያለውን አዲስ ሸሚዝ አየ። አማት ፊት ደረቱን ያራቆተ ወንድ በዘሩ የለም። ሕፃኗ ቤዛ እቅፍ ውስጥ ሆና ጣቶቿን ትጠባለች።

ቁልፎቹን ፈታ፤ ሸሚዙን አወለቀና ሳር ላይ ጣለው። ለተ ብርሃን ፊታቸውን ዞር አድርገው ውኃውን ደረቱ ላይ አፈሰሱለት።