አራተኛው ወረቀት

ደብረ ታቦር ውስጥ ደጋ ብርሃን በሚባል የግል ኮሌጅ የላቦራቶሪ ጽዳት ነበርሁ። ጽዳት ሆኜ አልተቀጠርሁም፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በእጄ ነበር። የሰው ሀብት ኃላፊው ይሻው ማህደሬ ላይ አንዲት የማስጠንቀቂያ ወረቀት በአግራፍ ሰካና መጥረጊያ አስጨበጠኝ። ስምንተኛ ክፍል ፈተና ከእኔ ገልብጦ እሱ አለፈ፣ እኔ ወደቅሁ። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ሁለተኛዋን ወረቀት «አርፍዷል» ብሎ ጨመረ። ሦስተኛዋን «ከሥራ ገበታው ተነሥቶ ትምህርት ሲያዳምጥ ተገኘ» ብሎ። አራተኛ ከመጣች ስንብት ነው። ጡረታዬ ደግሞ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

ያዳመጥሁት የመምህርት እመቤትን ነው፤ ከሐዋሳ የመጣች ልጅ ናት፣ ስለ ሴል ታስተምራለች። ተማሪዎቹ ሲወጡ ጠየቅኋት።

«ጋሼ ማሩ፣ ሴል ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው» አለችኝ። «ዩቢክዊቲን የሚባል ትንሽዬ ፕሮቲን አለ፤ ሌላው ላይ ይለጠፍበታል። አንድ ብቻ ከተለጠፈ ብዙ ጊዜ ቦታው ወይም ሥራው ይለወጣል። አራት ያህል ተያይዘው ከተለጠፉበት ግን ወደ መቆራረጫው ይላካል።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ተጣሞ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ደህናው ነው፣ ስለማይፈለግ ብቻ።»

«ይሻውን ሴል ውስጥም አስገቡት በይኛ! ልጣፉስ አብሮ ይቆረጣል?»

ሳቀች። «አይ፣ እሱ በሩ ላይ ይነቀልና ለሌላ ይውላል። ደግሞ አይዘኑ፤ ቀድመው ልጣፉን ነቅለው የሚያድኑም አሉ።»

ይቺ መጨረሻዋ ልቤ ውስጥ ገባች። በእኛ አገር ነቃዩ ሽማግሌ ነው። ከጉና ሥር አጎቴ አያ እሸቴ ዘንድ ሄድሁ፤ እሳቸው ያስታረቁት ደመኛ ቢቆጠር አያልቅም።

«ሰው ገድለሃል?» አሉኝ።

«ኧረ ወረቀት ነው፣ አያ።»

«ወረቀትም ቢሆን ይቅርታ በባዶ ጫንቃ አይጠየቅም። ድንጋይ ተሸከም። ድንጋይ የተሸከመን እንኳን ይሻው፣ ባለ ደሙም ተነሥ ይለዋል።»

የተበደልሁት እኔ፣ ድንጋይ ተሸካሚውም እኔ! ቢሆንም ሰኞ ጧት መጅ የሚያህል ድንጋይ ጫንቃዬ ላይ አድርጌ፣ አያ እሸቴን አስቀድሜ ኮሌጁ በር ደረስሁ። ጥበቃው ሙላቴ አስቆመን።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ይቅርታ ነው» አልሁት።

«ቅጹ ላይ ይቅርታ የሚል የለም።» መዝገቡን ገልጦ «ድንጋይ፣ አንድ» ብሎ ጻፈና አሳለፈን።

ይሻው ቢሮ ደጃፍ ላይ አጎነበስሁ። አያ እሸቴ «ልጄ፣ ስለ መድኃኔዓለም ብለህ ተነሥ በለው» አሉ።

ይሻው ከወንበሩ ተነሣ። ድንጋዩን ሊያወርድልኝ መስሎኝ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ዞር ብሎ ስልኩን አነሣ፤ ሙላቴ ነበር የደወለለት።

«አባቴ፣ እኔማ ለእርስዎ ስል ወረቀቶቹን ልነቅልለት ነበር» አለ ስልኩን ሲያስቀምጥ። «አሁን ግን ያልተፈቀደ ዕቃ ይዞ መግባቱ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የተመዘገበ ነገር ምን አደርገዋለሁ?»

«ድንጋዩስ?» አሉ አያ እሸቴ።

«ማስረጃ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ይግባ።»

እኔ የተነሣሁበት ቦታ ላይ ድንጋዩ ገባ፤ መለያ ቁጥርም ተሰጠው።

አራተኛዋ ወረቀት ተሰክታ ተሰናበትሁ። በሳምንቱ የላቦራቶሪ ቁልፍ ላስረክብ ብሄድ ይሻው አግራፉን ከእኔ ማህደር እየነቀለ ነው። ወረቀቶቹን ሳጥን ውስጥ ጣላቸው፤ አግራፉን አቃንቶ አዲስ ማህደር ላይ አንዲት ወረቀት ሰካበት። አንገቴን አሰገግሁ። «ሠራተኛን ከሥራ አዘናግታ ስላስተማረች» ይላል። እመቤት።

ስወጣ በክፍሏ መስኮት በኩል አለፍሁ። ሰሌዳውን እየጠረገች ነበር።

«መምህርት፣ አደራሽን ድንጋይ እንዳትሸከሚ» አልኋት።

«የምን ድንጋይ፣ ጋሼ ማሩ?» ብላ ሳቀች።

አልፈርድባትም። ገና አንድ ነው ያላት።