ሳይጠይቁ የሰፉኝ ቀን

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቶሎ ስለምቀጣጠል ሰፈርተኛው «ክብሪት» ይለኛል። ይበሉኝ፤ ግን አንድ ነገር ይመስክሩልኝ። ሰው ወገብ ላይ ሜትር ከማሳረፌ በፊት «ልለካሽ ነው» እላለሁ። የቀሚስ ጠርዝ እንኳ ሳልጠይቅ አጥፌ አላውቅም።

እኔን ግን ሳይጠይቁ ሰፍተውኛል። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ቀን ነው። ልጄ ትንፋሽ ሳይኖራት ወጣች፤ ወዲያው ጠቅልለው ወሰዷት፣ ባሌ ነው የቀበራት። ሐኪሙ ተማሪዎቹን ዙሪያዬን አቁሞ፣ ማደንዘዣው ሳይዘኝ መርፌውን ጀመረ። «ቆይ» አልኩት። «ቆይ፣ በእናትህ» አልኩት። «አሁን ያልቃል፣ አትንቀሳቀሺ» አለኝና ስለ መኪናው ጎማ ለተማሪዎቹ ማውራቱን ቀጠለ። እጁ ይድረቅ።

ከዚያ ወዲህ በጀርባዬ ተኝቼ አላውቅም። ጉልበቴን አጥፌ በጎኔ ነው የማድረው። ድሮ እኮ ተንጋልዬ፣ እጄን ዘርግቼ አልጋውን በሙሉ የምይዝ ሴት ነበርኩ፤ ባሌ «እኔ ዳር ላይ ተከራይቻለሁ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ያቺ ሴት ትናፍቀኛለች። ልጄማ አትነሣ፤ ከባሌ ጋር አንድም ቀን ስለ እሷ አውርተን አናውቅም። የሕፃን ልብስ ስፊልኝ የሚል ሲመጣ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ እልከዋለሁ።

ሌላ ልጅ አልመጣ ሲል መመርመር ግድ ሆነ። ባሌ በያጅ ነው፤ ሥራውን ዘግቶ ይሸኘኛል፣ እኔ መመርመሪያ አልጋውን ሳይ እግሬ አውጪኝ እላለሁ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል እንጂ ተቆጥቶኝ አያውቅም። እሱ አለመቆጣቱ አንጀቴን በላውና እንደገና ሄድኩ።

ሐኪሟ አዲስ ናት፤ ልጅ እግር።

«አረፍ ይበሉ» አለችኝ።

«አንቺ በይኝ፣ አላረጀሁም።»

ሳቀች። «እሺ። አንቺም "ቆይ" በይኝ። ባልሽኝ ጊዜ አቆማለሁ።»

«አፍ ሲናገርማ ሁሉም ያምራል» አልኳት። አልተቀየመችም።

አልጋው ላይ ወጣሁ። «አሁን እጄ ጉልበትሽን ይነካል» አለችና ነካችኝ።

«ቆይ» አልኩ።

እጇ ተነሣ። በቃ፣ ተነሣ። ውጭ ባለ ተራው ሁሉ ያስላል፣ በር ይንኳኳል፤ እሷ ጓንት ያጠለቀ እጇን ይዛ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ?»

«ስታቆሚ ላይሽ ፈልጌ ነው።»

«እንግዲያው ደግመሽ እዪ» አለች።

እጇን መለሰች፤ ደግሜ «ቆይ» አልኩ፤ ደግማ አቆመች። ያኔ እንባዬ ዝርግፍ አለ። ልጄን ጠቅልለው ሲወጡም «ቆይ» ብዬ ነበር። አንድ ሰው ቢቆምልኝ ፊቷን አየው ነበር።

«ቀጥዪ» አልኳት፣ በእጄ ጀርባ ፊቴን እየጠረግኩ።

ስትጨርስ ማህፀኔ ደህና መሆኑን ነገረችኝ። ልጅ ይመጣል ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም። እኔም ደልዪኝ አላልኳት።

ቤት ስንገባ ባሌ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። እኔ በጠራራ ፀሐይ አልጋው ላይ ወጥቼ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። እጄን ዘረጋሁ። ብርጭቆውን ይዞ ሲገባ ደነገጠ።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«አይ። ዳር ያዝ።»

ጫማውን አውልቆ ዳር ላይ ጋደም አለ። ኮርኒሱን እያየሁ ጠየቅኩት።

«ያን ቀን ፊቷን አይተኸዋል?»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አይቼዋለሁ» አለ። «እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ነበር። አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺ...»

«ቆይ» አልኩት።

ቆየልኝ። እጁን ፈልጌ ያዝኩና ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅኩ።

«ቀጥል» አልኩት።