ድልድዩ ሥር የወጣው ቁጥር

“እህት፣ አይነካም!”

የዳኛዋ ጣት ከመስታወት መደርደሪያው ወጥቶ የቀረበላት የዳይስ ሳጥን ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስትገልጠው ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ ተነሥቶ፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው አፍጥጦባታል።

“ልገዛው ነው እኮ” አለች።

“ከገዙት በኋላ የራስዎ ጉዳይ ነው። እዚህ ግን ማሸጊያው ሳይነካ ነው የሚሸጠው። ሰብሳቢዎች የተነካ ዕቃ አይወስዱም።”

“ሳልነካው ቁጥሩ ተቀርጾ ይሁን በቀለም ተጽፎ እንዴት ነው የማውቀው?”

“በዓይን ይታያላ።”

“የሚጫወትበት ሰው ዓይኑ አያይም አልኩህ እኮ!”

ዳኛ የተባለችው ፍርድ ቤት ስለምትሠራ አይደለም። ከዚህ ትልቅ ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ አነስተኛ ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አራት ሰዎች በአማቷ ሳሎን ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጡና አንድ ታሪክ አብረው ይፈጥራሉ። እሷ ታሪኩን ትመራለች፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገቡበታል። ባሏ ፈረሰኛ ነው። የባሏ ወንድም፣ መካኒኩ፣ ሽፍታ ነው። አማቷ ደግሞ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ አደገኛ ነገር ሊሞክር ሲነሣ በየገጹ ቁጥር ያለበት ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወረውራል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ከወጣ ይሳካለታል፣ ዝቅ ያለ ከወጣ ጉዱ ይፈላል። የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ስለሆነች ዳኛ አሏት፤ ስሙም እንደተጣበቀባት ቀረ።

የአማቷ ዓይን መድከም የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አሁን የሰው ፊት እንደ ጥላ ነው የሚታያቸው፤ ዳይስ ላይ ያለች ቁጥር ደግሞ ጨርሶ የለችም። ስለዚህ እሳቸው ይወረውራሉ፣ ዳኛዋ ታነብላቸዋለች። እንዲህ እየሆነ ሲሄድ ከርሞ፣ ከሁለት ቅዳሜ በፊት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉና “በቃኝ፤ ሰው እያነበበልኝ አልጫወትም” ብለው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ባለፈው ቅዳሜም አልወጡም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሳቃቸው የሚሰማው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከቀረባቸው የሚቀራቸው ሬዲዮና መስኮት ነው፤ ዳኛዋ ይህን አስባ ሌሊቱን ስትገላበጥ ያደረችበት ቀን አለ።

መፍትሔው ቀላል መስሎ ታይቷት ነበር። ትልቅ፣ ቁጥሩ በጥልቀት የተቀረጸ፣ በጣት የሚነበብ ዳይስ ማግኘት። አዲስ ለመጣው የደም መመርመሪያ ማሽን ሥልጠና ወደ ትልቁ ከተማ ስትላክ፣ ከኢንተርኔት ላይ ‹ከተማችንን ሲጎበኙ ሊያመልጡዎት የማይገቡ የጠረጴዛ ጨዋታ መደብሮች› የሚል ዝርዝር አግኝታ በላብራቶሪ መጠየቂያ ወረቀት ጀርባ ገለበጠችው። ሥልጠናው ዛሬ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ አለቀ። አውቶቡሷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል።

በዝርዝሩ አንደኛ የተቀመጠው መደብር የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኖ ቆያት። “ከተዘጋ ሦስት ዓመት አለፈው፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል” አላት ባለ ሱቁ፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል እየተቆጣ። ዝርዝሩ ላይ ‹ሞቅ ያለ መስተንግዶ› የሚል ነበር የተጻፈው። እግሩ ያልረገጠውን ቤት ለሌላው የሚመክር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ዳኛዋ ጸሐፊውን ብታገኘው ልክ ልኩን ትነግረው ነበር።

ሁለተኛው ይሄ ነው። አዲስ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። መጻሕፍቱ በፕላስቲክ ታሽገው፣ ዳይሶቹ በመስታወት ተቆልፈው፣ የሚያምር የጨዋታ ጠረጴዛ ደግሞ በገመድ ታጥሮ ‹ለእይታ ብቻ› የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ጠረጴዛ ለእይታ! አንድ ሰው እንኳ የሚጫወትበት የለም። ሻጩ ሴትዮዋ በዋዛ እንደማትሄድለት ሲያውቅ ድምፁን አለሰለሰ።

“ለማን ነው የሚወስዱት?”

“ለባለቤቴ አባት።”

“ሽማግሌ ናቸው እንዴ?” ፈገግ አለ። “ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እርስዎ ያንብቡላቸው። ዝቅ ያለ ከወጣም ትንሽ ከፍ አድርጎ መንገር ነው፤ ማን ያያል? ዋናው እሳቸው ደስ ይበላቸው።”

የዳኛዋ ደም ፈላ።

“ስማ ወንድሜ! እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ ላይ ቁጥር ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለሀብቱ ሁሉ ‹ትንሽ ቀንሱልኝ› እያለ ሲለማመጣቸው ‹ሚዛኑን ለምነው› ብለው የሚመልሱ! አንተ ነህ ዛሬ እንደ ሕፃን የምታባብላቸው?”

“እኔ ለበጎ ነው እኮ...”

“በጎህን እዚያው ከዕቃህ ጋር አሽገው!”

በሩን ወርውራው ልትወጣ ፈለገች፤ በሩ ግን በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት ስለሆነ ይህም አልሆነላትም። ደረጃውን ግማሽ ያህል እንደወረደች ቁጣዋ ድንገት ውሃ ሆነ። የመወጣጫውን ብረት ይዛ ቆመች።

ሻጩ የመከራት እሷ ስታደርገው የከረመችውን ነበር።

የዛሬ ስምንት ሳምንት፣ በጨዋታው ውስጥ የአማቷ ጀልባ በሞላ ወንዝ ላይ ከፈረሰ ድልድይ ሥር ማለፍ ነበረባት። ሽማግሌው ዳይሱን በሁለት እጃቸው አሹት፣ ወረወሩት። ሁለት ወጣ። ያን ዕለት ጠዋት ሐኪሙ ‹ዓይንዎ ከዚህ በኋላ አይመለስም› ብሏቸው ነበር የመጡት። ዳኛዋ ፊታቸውን አየች፣ “አሥራ ስድስት!” አለች። ባሏና መካኒኩ ቁልቁል ዳይሱን፣ ቀና ብለው እሷን አዩ፤ ትንፍሽ ያለ የለም። ከዚያ በኋላ ግን ዝቅ ያለ በወጣ ቁጥር አፏ ራሱ ከፍ አድርጎ ይናገር ጀመር። የእኔ ይለያል፣ እኔ ስለምወዳቸው ነው፣ ያ ግን ለገበያው ነው ብላ ራሷን አረጋጋችና መውረዷን ቀጠለች።

በር ላይ የሕንፃው ጥበቃ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው፣ ጩኸቷን ሰምተው ኖሮ ሳቅ ብለው ጠበቋት።

“ልጄ፣ የምትፈልጊው የሚሸጡበትን ነው ወይስ የሚጫወቱበትን?”

“ልዩነት አለው?”

“እንዴ! እዚህ ሁለት ዓመት ስቆም ሲጫወት ያየሁት ሰው የለም። ከኋላ በኩል ሂጂ፣ ጫማ ጠጋኙ ካለበት ሥር ምድር ቤት አለ። ሐሙስ ሐሙስ ‹ዘንዶው መጣብህ፣ በለው፣ ጨርሰው!› እያሉ ሲጯጯሁ ሰው የሚገደል መስሎት ፖሊስ የጠራባቸው ጎረቤት አለ።”

ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ቤት ደረጃው ጠባብ፣ ግድግዳው ርጥበት የበላው ነበር። መደርደሪያው ላይ ጫፋቸው የታጠፈ መጻሕፍት ተደርድረዋል። በትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ልብሱን እንኳ አላወለቀም። የቤቱ ባለቤት፣ ጣቶቿ ቀለም የነካቸው ወፍራም ሴት፣ ጉዳዩን ሰምታ ሳትጨርስ ዳይስ የሞሉ የብስኩት ቆርቆሮዎች እያወረደች ከፊቷ ዘረገፈችላት።

“ዳስሺ። እስኪበቃሽ ዳስሺ። ዳይስ ካልተነካማ ምኑን ዳይስ ሆነ?”

ዳኛዋ ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ሞከረች። አብዛኛው ቀለሙ የሞላው፣ ለጣት ልሙጥ ነው። በመጨረሻ ሎሚ የምታህል የእንጨት ዳይስ እጇ ገባች፤ ቁጥሯ ጠለቅ ብሎ የተቀረጸ፣ ስድስቱና ዘጠኙ እንዳይምታቱ ከሥራቸው መስመር የተሰመረላቸው።

“ወርውሪና አንብቢ” አለች የቤቱ ባለቤት። “ዓይንሽን ግን እንዳትገልጪ።”

ጨዋታውን አቁመው ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ወረወረች፣ ፈልጋ አገኘችው፣ በጣቷ ጫፍ ላዩን አሰሰች። አንድ ቁም መስመር ያለ መሰላት፤ ከአጠገቡ ደግሞ ማዕዘን ያለው ነገር።

“አሥራ አራት!”

“ልክ ነሽ!” አለች አንዲት ወጣት ተጫዋች እያጨበጨበች። “በመጀመሪያው ሙከራ! ጎበዝ!”

ዳኛዋ ደስ ብሏት ዓይኗን ገለጠች። ከላይ ያለው አራት ነበር። አንድ የሚባል ነገር አጠገቡ የለም።

“አራት ነው እኮ” አለች።

“አዎ፣ ግን ቀርበሻል...” ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። “እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።”

ፊቷ ጋለ። ሰዎቹ ሁሉ ያዩትን እሷ ብቻ ሳታይ፣ መካከላቸው ቁጭ ብላ የተጨበጨበላት ሞኝ! ማን ፈቀደልሽ ልትል አፏን ስትከፍት ድልድዩ ትዝ አላት። እሷስ ዓይኗን ገልጣ አራት መሆኑን አረጋገጠች። ሽማግሌው ምን ገልጠው ያረጋግጡ?

“ድገሚው” አለች የቤቱ ባለቤት። ወደ ልጅቷም ዞር ብላ “አንቺም አፍሽን ያዢ፤ እሷ ታንብበው” አለቻት።

ደገመችው። በስምንተኛው ውርወራ ላይ ሳትሳሳት ማንበብ ጀመረች።

አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ደወለች። አማቷ ስልኩን በሦስተኛው ጥሪ አነሡ፤ ከኋላ ሬዲዮው ያወራል።

“አባባ፣ ዳይሱን አገኘሁት። በጣት የሚነበብ ነው።”

“እውነት? ስድስትና ዘጠኙስ?”

“መስመር አላቸው።”

“ጎሽ! ትልቅ ነው?”

“ሎሚ ያህላል።”

“በይ እንግዲህ” አሉ፤ ድምፃቸው ሳቅ ሳቅ ይለዋል። “ቅዳሜ በሰዓታችን ነዋ?”

እዚህ ላይ ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ነበር። እሳቸው ይመለሳሉ፣ ከእንግዲህ የሚያነቡት ራሳቸው ናቸው፣ ያለፈውን የሚያነሣ አይኖርም። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ።

“አባባ፣ ያን ጊዜ ድልድዩ ሥር የወጣልዎት አሥራ ስድስት አልነበረም። ሁለት ነበር።”

ሬዲዮው ጠፋ።

“ሌላስ?” አሉ ሽማግሌው።

“ሌላም አለ። ከዚያ ወዲህ ዝቅ ያለ በወጣ ቁጥር ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩልዎት።”

“ስንት ጊዜ?”

“አልቆጠርኩትም።”

“እኔ ቆጥሬዋለሁ! ሃያ ሦስት ጊዜ ወርውሬ አንዴ እንኳ ከአሥር አልወረደም። ዓይኔ ነው እንጂ ጭንቅላቴ ጠፋ ያለሽ ማነው?”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?”

“አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ! በቃኝ ያልኩትም ለዚያው ነው። መካኒኩ ልጄ ቢሆን አይደንቀኝም፤ እሱ የራሱንም ያጭበረብራል። አንቺ ግን? የሰው ደም የምትመረምሪ ልጅ? በሽተኛው ደስ ይበለው ብለሽ ውጤቱን ታሳምሪለታለሽ?”

“አላደርገውም።”

“እና ለእኔስ ለምን?”

እንዳይከፋዎት ብዬ ልትል ነበር። የዚያች ልጅ ጭብጨባ ጆሮዋ ላይ አለ።

“አጥፍቻለሁ፣ አባባ።”

“አዎ አጥፍተሻል። ተቆጥቻለሁ፤ ገና አልበረደልኝም። ቅዳሜ አንቺ ዳይሱን ይዘሽ ነይ፣ እኔም ቁጣዬን ይዤ እጠብቅሻለሁ።” ስልኩን ዘጉባት።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጠችና የጨዋታውን ደብተር አወጣች። በየሳምንቱ የሆነውን የምትመዘግብበት ነው። ከድልድዩ ወዲህ አሥራ አንድ ገጽ ተጽፏል፤ ወንዙን ተሻግረዋል፣ ምሽጉን ይዘዋል፣ መካኒኩ ሀብት አግኝቶ ራሱን መስፍን አሰኝቷል። ይህ ሁሉ የቆመው እሷ በዋሸችው አንድ ቁጥር ላይ ነው። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ጣራ ይነካል። ይንካ! እሱም ዳይሱን አይቶ ዝም ያለ ሰው ነው።

አሥራ አንዱንም ገጾች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ሰረዘች። ከዚያ ወደ ድልድዩ ተመልሳ ‹16› የሚለውን አጠፋችና ሁለት ብላ ጻፈች። ከሥሩም ‹ጀልባዋ ምሰሶውን መታች፣ ውሃ እየገባ ነው፣ ሽማግሌው ይወርውሩ› ብላ ጨምራ ደብተሩን ዘጋችው።